የጠላ ጣዕም ከየት ይመጣል? መርካቶን ተራ በተራ

ወዳጆቼ፣ ሁለት ቤት ጠላ ከጠጣችሁ ሁለት ዓይነት መጠጥ ጠጥታችኋል። የአንዱ ቤት ጠቆር ብሎ የተቆላ ገብስ ይሸታል፣ መረር እያለ ጉሮሮ ያልፋል። የሌላው ቤት ፈዘዝ ያለ ቡናማ ነው፤ የወይራ ጢስ ይሸታል፣ ምላስ ላይ ኮምጠጥ ይላል። ሁለቱም ከእህል፣ ከብቅል፣ ከጌሾና ከውሃ የተጠመቁ ናቸው። ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ስትጠይቁ ብዙ ጊዜ የምታገኙት መልስ አንድ ነው፤ «እጇ ነው!»

መልሱ ትክክል ነው፤ ግን አላለቀም። እጅ የሚባለው ጠማቂዋ ከጥንስሱ ቀን ጀምሮ ጋኑን እስክትከፍት ድረስ የምትወስናቸው ነገሮች ድምር ነው። የትኛውን እህል? ምን ያህል ጌሾ? እንኩሮውን እስከ ምን ድረስ? ጋኑን በምን ጢስ? ስንት ቀን? እያንዳንዱ ውሳኔ በጠላው ላይ ምልክት ይተዋል፤ ምልክቱንም ለይቶ መቅመስ ማንም ሰው ሊማረው ይችላል። ለዚህ ትምህርት መርካቶን የሚያህል ቦታ አላውቅም። በጣሳ ተዋህዶ የምናገኘው ሁሉ እዚያ ተለያይቶ፣ በጆንያ ተሞልቶና በእስር ታስሮ ይሸጣል። ኑ፣ አብረን እንዙር።

የአዲስ አበባ ትልቁ ገበያ ቀድሞ አራዳ፣ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ነበር። ጣልያኖች በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበሩት ዓመታት፣ የአገሬውን ሰው ገበያ ወደ ምዕራብ ወስደው ዛሬ አዲስ ከተማ በምንለው ክፍል አሰፈሩት፤ መርካቶ ይኸው ነው። ከዚያ ወዲህ ከየአገሩ የመጣ ሰው እዚህ ሲነግድ ኖሯል፣ የየአገሩ የአጠማመቅ ልማድም አብሮት መጥቷል። የጎጃሙ ዳጉሳ፣ የቆላው ማሽላ፣ የደጋው ገብስ አንድ ሰፈር ውስጥ ይገናኛሉ። በትግርኛ ስዋ፣ በኦሮምኛ ፋርሶ የሚባሉት የጠላ ዘመዶችም ጠማቂዎቻቸው እዚሁ ከተማ አሉ።

የጠላን ዕድሜም አስቡት። በ4ኛው ክፍለ ዘመን የአክሱሙ ንጉሥ ዒዛና ስለ ቤጃ ዘመቻ ባስቀረጸው የድንጋይ ጽሑፍ ላይ፣ ወደ ሌላ አገር ለተዛወሩት ሰዎች ከተሰጠው ስንቅ መካከል ከእህል የተጠመቀ መጠጥ ተጠቅሷል። ዛሬ የምንቀምሰው ነገር ከዚያ ዘመን ጀምሮ በዚህ ምድር ሲጠመቅ የኖረ ነው።

እህል በረንዳ፦ ስኳሩ የሚመጣበት

መጀመሪያ እህል በረንዳ እንግባ። ገብስ፣ ስንዴ፣ በቆሎ፣ ማሽላ፣ ዳጉሳ፣ ሁሉም ለጠላ ይሆናል፤ ብዙ ጠማቂዎችም ይቀላቅላሉ። ዳጉሳ ቀላ ጠቆር ያለ መልክ ይሰጣል። ገብስ ደግሞ ሲቆላ የሚያወጣው ሽታ አብዛኞቻችን «የጠላ ሽታ» ብለን የምናውቀው ነው።

ግን አንድ ችግር አለ። መጠጡን የሚያፈላው እርሾ የሚበላው ስኳር ነው፤ በእህል ውስጥ ያለው ደግሞ ስታርች ነው። እርሾ ስታርችን እንዳለ መብላት አይችልም። ብቅል የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። እህሉ አንድ ቀን ያህል ውሃ ውስጥ ይነከርና በእንሰት ወይም በሙዝ ቅጠል ተሸፍኖ ለጥቂት ቀናት ይቀመጣል። ፍሬው የዝናብ ወራት የገባ መስሎት ማቆጥቆጥ ይጀምራል። ቡቃያው እንዲያድግ ያከማቸውን ስታርች ወደ ስኳር መለወጥ አለበት፤ ይህን የሚሠሩለትን ኢንዛይሞች ያዘጋጃል። ልክ በዚህ ሰዓት ጠማቂዋ ታቋርጠዋለች። እህሉን ፀሐይ ላይ አስጥታ ታደርቀዋለች፣ ከዚያም ታስፈጨዋለች። ኢንዛይሞቹ ግን በዱቄቱ ውስጥ ሥራቸውን እየጠበቁ ይቀመጣሉ። ብቅል የተቆለፈ ጎተራ ቁልፍ ነው፤ ያለ እሱ ጎተራው ሙሉ ሆኖ እርሾው ይራባል።

ስለዚህ ብቅል ስትገዙ አፋችሁን ተጠቀሙ። አንድ ፍሬ አኝኩ፤ ጥሩ ብቅል በቀላሉ ይፈረፈራል፣ ቆየት ብሎም ምላስ ላይ ይጣፍጣል። ሻጋታ ከሸተተ ወይም አረንጓዴ ነጠብጣብ ካያችሁ ተዉት። ሻጭዋንም በአክብሮት «እማማ፣ ብቅሉ የገብስ ነው የስንዴ? መቼ ነው የበቀለው?» ብላችሁ ጠይቋት። የሚያውቅ ሰው ሲጠየቅ ደስ ይለዋል።

ጌሾ፦ ምሬቱና ጠባቂው

ቀጥሎ ጌሾ። ቅጠሉም እንጨቱም ይሸጣል። በአብዛኛው ቤት ቅጠሉ ተወቅጦ ለጠላ፣ እንጨቱ ተከትክቶ ለጠጅ ይሆናል፤ ሁለቱንም ለጠላ የሚያስገቡ ግን አሉ። ተመራማሪዎች ለጌሾ ምሬት ምክንያት ነው ብለው የለዩትን ንጥረ ነገር ጌሾይዲን ብለው ሰይመውታል።

ጌሾ ሁለት ሥራ አለው። የመጀመሪያውን ሁላችንም እናውቃለን፤ የእህሉን ጣፋጭነት በምሬት ያመዛዝናል። ሁለተኛው የማይታይ ነው፤ መጠጡን ሊያበላሹ ከሚችሉ ተሕዋስያን መካከል አንዳንዶቹን ይገታል። አውሮፓ ውስጥ ይህንኑ ሁለት ሥራ የሚሠራው ሆፕ የሚባለው አበባ ነው። በ1516 እ.ኤ.አ. የባቫሪያ መሳፍንት ባወጡት የታወቀ ሕግ ቢራ ከገብስ፣ ከሆፕና ከውሃ ብቻ እንዲጠመቅ ታዘዘ። ሆፑን በጌሾ ብትተኩት ከጠላ ብዙም የራቀ አይደለም። በሁለት አህጉር ያሉ ሰዎች፣ እርስ በርስ ሳይማከሩ፣ እህልን ከመራራ ተክል ጋር ማገናኘት እንደሚበጅ ደርሰውበታል።

በዚያ ሕግ ውስጥ እርሾ አለመጠቀሱን አስተውላችኋል? ምን እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም። ሉዊ ፓስተር ስለ ቢራ የጻፈው መጽሐፍ የወጣው በ1876 እ.ኤ.አ. ነው። በኮፐንሃገን የካርልስበርግ ፋብሪካ ቤተ ሙከራ ይሠራ የነበረው ኤሚል ክርስቲያን ሃንሰን ደግሞ በ1883 እ.ኤ.አ. አንድ ዓይነት እርሾ ብቻውን ለይቶ ማራባት ቻለ። የዛሬ የፋብሪካ ቢራ አንዱ ጠርሙስ ከሌላው የማይለየው በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው።

የእኛ ጠማቂዎች እርሾ አይገዙም። እርሾው ከጌሾው፣ ከብቅሉና ከዕቃው ጋር ይመጣል። ብቻውንም አይመጣም፤ የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎችም አብረው ይገባሉ። እርሾው አልኮሉንና ጋዙን ይሠራል፣ ባክቴሪያዎቹ ኮምጣጣነቱን ያመጣሉ። ፕሮፌሰር ሞገሴ አሸናፊ በ2006 እ.ኤ.አ. የአገራችንን የፈሉ ምግቦችና መጠጦች ጥናት ሰብስበው ባቀረቡት ዳሰሳ ውስጥ ጠላ የቀረበው እንዲህ ያለ የብዙ ተሕዋስያን ሥራ ሆኖ ነው። ከቤት ቤት ጣዕሙ የሚለያይበት አንዱ ትልቅ ምክንያትም እዚህ አለ፤ በየቤቱ የሚኖሩት ተሕዋስያን አንድ አይደሉም።

ከጥንስስ እስከ ጉሽ

አሁን የገዛነውን ይዘን ወደ ቤት እንግባ። ሥራው የሚጀምረው በጥንስስ ነው። የተወቀጠ ጌሾ በውሃ ተዘፍዝፎ ጥቂት ቀን ይቆያል፣ ከዚያ ብቅል ይጨመርበታል። ብዙ ቤት ቂጣ ጋግረው ቆራርሰው ይጨምሩበታል። ብቅ ብቅ የሚለውን አረፋ ስታዩ እርሾው ተነሥቷል ማለት ነው።

በዚህ መሐል ሌላው ትልቅ ሥራ ይመጣል፤ እሳት። ዱቄቱ በውሃ ታሽቶ ምጣድ ላይ እየተገላበጠ ይበስልና እንኩሮ ይሆናል። አንዳንዱ ቤት እህሉ ራሱ ከመፈጨቱ በፊት እስኪጠቁር ይቆላል። የጠላውን መልክ በዋነኛነት የሚወስነው ይህች ሰዓት ናት። እሳቱ ለስለስ ካለ ጠላው ፈዘዝ ይላል፤ ከበረታ ይጠቁራል፣ የቡና ዓይነት የቁላት መዓዛም ይይዛል። በጣም ካለፈ ምሬቱ የጌሾ መሆኑ ቀርቶ የአረር ይሆናል። ሁለቱን ምሬቶች መለየት ተለማመዱ፤ የጌሾ ምሬት ንጹሕ ነው፣ ቀስ ብሎ ይጠፋል። የአረር ምሬት ጉሮሮ ላይ ይንጠለጠላል።

እንኩሮው ሲቀዘቅዝ ከጥንስሱ ጋር ይቀላቀልና ወፍራም ድፍድፍ ይሆናል። ቀዝቅዞ መግባቱ ግድ ነው፤ ትኩስ ከገባ እርሾውን ይገድለዋል። ድፍድፉ ጥቂት ቀን ከፈላ በኋላ በውሃ ይቀጥንና ጋኑ ይከደናል።

ከፋብሪካ ቢራ ጋር ያለው ዋና ልዩነት እዚህ ላይ ነው። ፋብሪካው ሥራዎቹን ይለያያል። መጀመሪያ ብቅሉን 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ በሞቀ ውሃ አድርጎ ስታርቹን ወደ ስኳር ይለውጣል፣ ፈሳሹን አጣርቶ ከሆፕ ጋር ያፈላል፣ አቀዝቅዞ እርሾ ይጨምራል። በጋን ውስጥ ግን ብቅሉ ስኳር እያወጣ፣ እርሾው እየበላ፣ ባክቴሪያው እያኮመጠጠ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይሠራሉ። ስለዚህ ጠላ ቀን በቀን ይለወጣል። መጀመሪያ የሚቀዳው ጉሽ ነው፤ ደፍረስ ያለ፣ ጣፈጥ የሚል፣ ገና የሚፈላ። ሲቆይ ይጠልላል፣ ጣፋጭነቱ ይቀንሳል፣ ጥንካሬው ይጨምራል። ከዚያ በላይ ሲቆይ ይኮመጥጣል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ስላለች ሌሊቷ ቀዝቃዛ ነው፤ እዚህ የሚዘገየው ጠላ ቆላ ላይ ቶሎ ይደርሳል።

ጥንካሬውም እንደ አሠራሩ ይለያያል። ተራው ጠላ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 በመቶ አልኮል አለው፤ ውሃው ቀንሶ በጥንቃቄ የተጣራው ፊልተር ጠላ ከ5 እስከ 6 በመቶ ይደርሳል። ጠላው ከተቀዳ በኋላ በቀረው ላይ ውሃ ጨምረው የሚያወጡት ቅራሪ ደግሞ ቀጠን፣ ኮምጠጥ ያለ ነው። የመጨረሻው አተላ ለከብት ይሄዳል።

ጋኑና ጢሱ

ብዙ ሰው ስለ እህሉ ሲያወራ ዕቃውን ይረሳል። ጋን ከመሞላቱ በፊት በግራዋ ቅጠል ይታጠባል፣ ከዚያም በወይራ ወይም በጥንጁት ይታጠናል። ጢሱ በሸክላው ቀዳዳዎች ገብቶ ጠላውን ሊያበላሹ የሚችሉ ተሕዋስያንን ይቀንሳል፣ መዓዛውንም እዚያው ትቶ ይወጣል። ጀርመን አገር ባምበርግ የምትባል ከተማ በጢስ ቢራዋ ዝነኛ ናት፤ እዚያ ጢሱ የሚገባው ብቅሉ በእንጨት እሳት ላይ ሲደርቅ ነው። እኛ ዘንድ የሚታጠነው ዕቃው ነው። መንገዱ ቢለያይም ባምበርግ የሚኖር ሰው በወይራ የታጠነ ጠላ ቢቀምስ ወዲያው ያውቀዋል።

አሁን ብዙ ቤት ጋን ትቶ ወደ ፕላስቲክ በርሜልና ጀሪካን ዞሯል። ይቀላል፣ አይሰበርም፣ ለጠባብ ቤት ይመቻል። ጢሱን ግን እንደ ሸክላ አይዝም። ሁለት ነገር ብቻ አደራ እላችኋለሁ። አንደኛ፣ ምን አለሽ ተራም ሆነ ሌላ ቦታ ያገለገለ በርሜል ስትገዙ ቀድሞ ምን እንደያዘ ሳታውቁ መጠጥ አታስገቡበት፤ ኬሚካል የነበረበት ፕላስቲክ ታጥቦ አይጸዳም። ምግብ ይይዝ የነበረ ወይም አዲስ ይሁን። ሁለተኛ፣ ገና በመፍላት ላይ ያለ ጠላ ያለበትን ጀሪካን ጥርቅም አድርጋችሁ አትክደኑ። ጋዙ መውጫ ካጣ ዕቃውን ያፈነዳል።

ዳኞቹ እነማን ናቸው?

ጠላን ማወዳደር አዲስ ነገር አይደለም። የጽዋ ማኅበርን ሥርዓት አስቡት። አባላቱ በየወሩ፣ በ12 ለሚካኤል ወይም በ21 ለማርያም፣ በአንዱ ቤት ይሰበሰባሉ። ዳቦው ይቆረሳል፣ ጠላው ይቀዳል፣ በመጨረሻ ጽዋው ለቀጣዩ ወር ተረኛ ይተላለፋል። በሌላ አነጋገር፣ ያው ሰው በየወሩ የተለያየ እጅ ጠላ ይቀምሳል፣ እያንዳንዷ ጠማቂም በተራዋ ሌሎቹ ጠማቂዎች ፊት ትቀርባለች። «ዘንድሮ ጌሾው በዝቷል»፣ «ገና ጉሽ ነው፣ ሁለት ቀን ቢቆይ»፣ «እንኩሮው እንዴት አምሮለታል!» የሚለው ጨዋታ የባለሙያ ግምገማ ነው። የመጀመሪያዋን ጠብታ መዳፏ ላይ አድርጋ ቀምሳ የምትቀዳውም ጠማቂዋ ናት፤ ሥራዋን ቀድማ የምትመረምር ራሷ ናት።

መርካቶ ደግሞ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና አንዋር መስጊድ ጎረቤት የሆኑበት ሰፈር ነው። በሙስሊም ቤቶች በበዓል የሚቀርበው ቀሪቦ ለቀማሽ ትልቅ አስተማሪ ነው። የተቆላ ገብስ በውሃ ይፈላል፣ ይጣራል፣ ስኳርና ጥቂት እርሾ ይጨመርበትና ያድራል፤ ጌሾ የለበትም፣ ለማስከርም አይጠመቅም። ስለዚህ የቁላቱ ጣዕም ምን እንደሆነ ለብቻው ያሳያችኋል። ከቀሪቦ ቀጥሎ ጠላ ቅመሱ፤ የተጨመረው ምሬትና ኮምጣጣነት ወዲያው ጎልቶ ይሰማችኋል።

ወደ ዳኝነቱ እንመለስና፣ በአሜሪካ ቤት ውስጥ ቢራ መጥመቅን ከፌዴራል ቀረጥ ነፃ ያደረገው ሕግ በፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር የተፈረመው በ1978 እ.ኤ.አ. ነው። በ1985 እ.ኤ.አ. የቤት ጠማቂዎቹ ዳኞችን የሚያሠለጥን ፕሮግራም አቋቋሙ። ዳኞቹ ከ50 ነጥብ ይሰጣሉ፤ ለሽታ 12፣ ለመልክ 3፣ ለጣዕም 20፣ አፍ ውስጥ ለሚሰጠው ስሜት 5፣ ለአጠቃላይ ግምት 10። ከኛ ማኅበር ጋር ሲነጻጸር ሥርዓታቸው የትናንት ነው። እነሱ ያላቸው እኛ ግን የሌለን አንድ ነገር ወረቀት ነው። ዳኛው ምክንያቱን ይጽፋል፣ ጠማቂው ያነበዋል፣ በሚቀጥለው ጊዜ አንዱን ነገር ብቻ ለውጦ ይሞክራል። የኛ ግምገማ ከጨዋታው ጋር ይበተናል።

እንዴት እናወዳድር?

ይህንኑ ሚዛን ለጠላ መጠቀም እንችላለን። ከተለያየ ቤት ሦስት አራት ጠላ ሰብስቡ፣ የማን እንደሆነ አንድ ሰው ብቻ ይወቅ። ሁሉንም በአንድ ዓይነት ብርጭቆ ቅዱ፤ ጣሳ መልኩን ይደብቃል። ከቀላሉ ወደ ጠንካራው ሂዱ፤ በመሐል ውሃ ጠጡ፣ ቂጣ ቅመሱ። ጥቂት ጥቂት ይበቃል።

መጀመሪያ ብርሃን ላይ አንሡት። ጠለል ያለ ነው ወይስ ደፍራሳ? ቀጥሎ ሽታው፦ ቁላት፣ ጢስ፣ ጌሾ ወይስ ኮምጣጤ? ከዚያ ጉንጭ አድርጉና ጣፋጩን፣ ምሬቱን፣ ኮምጣጣውን በየተራ ፈልጉ። የእርጎ ዓይነት ለስላሳ ኮምጣጣነት የላክቲክ አሲድ ነው፣ ጤናማ ነው። አፍንጫ የሚወጋው የኮምጣጤ ሽታ ግን አየር እንደገባበት ይናገራል፤ ክዳኑ ላልቷል ወይም ጋኑ ከተከፈተ ቆይቷል። ቀጭንና ባዶ ከሆነ ውሃ በዝቶበታል። ጣፋጭነቱ ካልለቀቀው ቀኑ ሳይደርስ ተቀድቷል። ያያችሁትን ሁሉ ጻፉ፤ ከዚያ ነው ስሙ የሚነገረው።

ይህን የምለምናችሁ በምክንያት ነው። ይህ እውቀት በአብዛኛው በእናቶቻችን እጅና ምላስ ላይ ያለ ነው፤ ከእናት ወደ ልጅ የተላለፈው ልጅቷ አጠገቧ ቆማ እያየች ነው። ብዙዎቻችን አሁን ጋን በማይገባበት ኮንዶሚኒየም ውስጥ እንኖራለን፤ ሌሎቻችን ጌሾ ከሐበሻ ሱቅ እየገዛን ዋሽንግተን እንጠምቃለን። አጠገብ ቆሞ የማየቱ ዕድል ቀንሷል፤ የቀረን መጠየቅና መጻፍ ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ማኅበር ወይም በዓል ጠላው ከጣፈጣችሁ «እጅሽ ይባረክ» ብላችሁ አትቁሙ። ጠማቂዋን አምስት ነገር ጠይቋት፦ እህሉ ምንድን ነው? ጌሾው ምን ያህል ነው? እንኩሮው እስከ ምን ድረስ በሰለ? ዕቃው በምን ታጠነ? ስንት ቀን ቆየ? መልሱን ከስሟና ከቀኑ ጋር ጻፉት፣ ለሌላ ጠማቂም አሳዩት። ይህን ደብተር የሚጀምር ሰው ለልጆቹ የሚያወርሰው ነገር አለው።